ከሥር የነበረው ድምፅ

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ቦሁሚላ እንደ ወትሮዋ ደወሉ ሳይጮህ ነቃች። ሻይ አፈላች። ከትናንት የተረፈ ዳቦ ሰንጥቃ ቅቤ ቀባች፤ ቦርሳዋን ሁለተኛው ወንበር ላይ አስቀምጣ በላች። ሳህኑን አጥባ ደፋችው። ደረጃው ላይ ጎረቤቷ ውሻቸውን ይዘው ሲወጡ አገኘቻቸውና ስለ አየሩ ሁለት ቃል ተለዋወጡ። ትራሙ በሰዓቱ መጣ። አንድ የተቀዳ የሴት ድምፅ የፌርማታዎቹን ስም እየጠራ ወደ መሀል ብርኖ ከተማ ወሰዳት። ድምፁን የሚያዳምጥ አልነበረም፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

የእሷ ስልክ የጠራው ቢሮዋ ከመድረሷ በፊት ነው።

«አለቃዬ፣ ስርቆት አለ» አለ ረዳቷ ዳሊቦር። «የተሰረቀው ደግሞ የሰው ድምፅ ነው።»

«ጠጥተሃል?»

«ኧረ በሰኞ ምድር! በሚቀጥለው ፌርማታ ይውረዱ፤ መኪናውን ይዤ እየመጣሁ ነው።»

የንግግር ቤተ ሙከራው በአሮጌ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ጉሮሯቸው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የተቃረበ ሰዎች እዚህ መጥተው፣ ድምፃቸው ሳይጠፋ፣ ለሳምንታት ዓረፍተ ነገር ያነባሉ። ኋላ አፋቸው ዝም ሲል፣ የሚጽፉትን ኮምፒውተር በገዛ ድምፃቸው ያነብላቸዋል። ኃላፊው ዶክተር ኦታካር እጃቸውን እያሻሹ በር ላይ ተቀበሏቸው።

«ዓርብ ደህና ነበር» አሉ። «ዛሬ ጠዋት የድምፅ መዝገቡ አልነሣ አለ። ከሥሩ ያለው ፋይል የለም ይላል። እስከ ግንቦት የተቀዳው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር።»

«የስንት ሰው ድምፅ ነው?»

«ሌሎቹ ቅጂያቸውን ቤታቸው ወስደዋል። ያልወሰዱት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የትራም ሹፌር የነበሩት አቶ አርኖሽት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ድራሆሚራ የዚህ መዝገብ ኃላፊ ናቸው። ታዲያ ቅጂ ምን ያደርግላቸዋል? ቅጂያቸው ሚስታቸው ነበሩ።»

ወይዘሮ ድራሆሚራ ግራጫ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ተቀምጠው ነበር። አላለቀሱም። ቦሁሚላ ይህን ዓይነት አቀማመጥ ታውቀዋለች። ስለዚህ የማጽናኛ ቃል አልተናገረችም፤ ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ያደረገውን ሰው አውቀዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ድራሆሚራ። «ራዶቫን ነው፤ ማሽኖቹን ይጠብቅ የነበረው ልጅ። ዓርብ ተሰናበተ። ፋይሉ የጠፋው ዓርብ ቀትር ላይ፣ በእሱ ስም ነው። ሲወጣም ‹ትፈልጉኛላችሁ› ብሎ ነው የወጣው።»

«የተባረረ ሁሉ እንዲያ ይላል» አለ ዳሊቦር።

«የተባረረ ሁሉ የሰው ድምፅ አያጠፋም!»

ቦሁሚላ ዳሊቦርን አየት አደረገችውና ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «ከሥሩ ያለው ፋይል ሲባል ምን ማለት ነው? እንደማላውቅ አድርገው ያስረዱኝ።»

ወይዘሮ ድራሆሚራ ትንሽ አሰቡ። «የልብስ ንድፍ የሚገለበጥበትን ስስ ወረቀት ያውቃሉ? ከሥር ዋናው ንድፍ አለ፤ ስሱ ከላዩ ይነጠፋል። አዲስ ነገር የሚጻፈው ስሱ ላይ ነው፤ ዋናው እንዳለ ይኖራል። ከላይ ለሚያይ ግን አንድ ሙሉ ሥዕል ነው። የእኛም መዝገብ እንደዚያ ነው። ከግንቦት በኋላ የመጣው በስሱ ንጣፍ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው በመሠረቱ ፋይል ውስጥ። ስሱ ንጣፍ መሠረቱን የሚያውቀው በስሙ ነው። መሠረቱን ከሥሩ ቢስቡት የቀረው አይነበብም።»

«መሠረቱስ? ከላዩ የተነጠፈውን ያውቃል?»

«አያውቅም። ማን እንደተደገፈበት አያውቅም።»

«በየሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂ ይወሰዳል ተብሏል።»

«ይወሰዳል። እሱም አልከፈትም ብሏል።» የሴትዮዋ ድምፅ ዝቅ አለ። «እሱንም አበላሽቶት ይሆናል።»

የማሽኖቹ ክፍል ከምድር ቤት ነበር። ማራገቢያዎቹ ያጉረመርማሉ። ቦሁሚላ በሩ ላይ ቆም ብላ አሸተተች። «ምንድን ነው ይሄ ሽታ?»

«እርጥበት?» አለ ዳሊቦር።

«እርጥበት አይደለም። ጫካ ነው።» ከማሽኖቹ ጀርባ ዞረች፤ ሞቃቱ አየር በሚወጣበት በኩል ጎንበስ ብላ ጣቷ የሚያህል ደረቅ፣ ቡናማ ቁራጭ አነሣች። ዳሊቦር አፍንጫው ድረስ አስጠጋው።

«እንጉዳይ ነው። ያውም ምርጡ ዓይነት!»

የበሩ መዝገብ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰው በካርዱ እንደገባ፣ እሑድ ማታም እንደተመለሰ ያሳያል። ካርዱ የዶክተር ኦታካር ነበር። ዶክተሩ ደግሞ ከዓርብ ከሰዓት ጀምሮ ከከተማ ውጭ ባለችው የዕረፍት ጎጇቸው እንደነበሩ ተናግረዋል። በዚያ ላይ የድምፅ ስብስቡን ለአንድ የውጭ ድርጅት ለመሸጥ ሲደራደሩ እንደከረሙ ዳሊቦር ከሠራተኞቹ ሰምቷል።

ቦሁሚላ የእንጉዳዩን ቁራጭ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው። የዶክተሩ ፊት ቀላ።

«በጎጆዬ ምድጃው ተበላሽቶብኝ ነው» አሉ። «ሁለት ቅርጫት ሙሉ! ዘንድሮ እንዴት እንደበቀለ አይተው የለ? ይበስብስ እንዴ? የማሽኖቹ ጀርባ ደግሞ… እንዴት ብዬ ልንገርዎ… ሙቀቱ ልክ ነው። በአንድ ቀን ይደርቃል።»

«ታዲያ ለምን ዋሹ?»

«ሠራተኞቼ ምሳቸውን እዚያ እንዳያሞቁ የከለከልኩት እኔ ነኝ!»

ዳሊቦር ሳቁን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረ። የእንጉዳዩ ጉዳይ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ የዶክተሩ ሚስትም የደረቀውን በክር እንደተሰካ አሳዩዋቸው። ለማንኛውም ፋይሉ የጠፋው ከዚያ በፊት፣ ዓርብ ነው። የቀረው ራዶቫን ነበር።

ራዶቫን የተገኘው ከከተማው በስተደቡብ ባለ መንደር፣ በአማቱ የወይን ማሳ ነው። ለቀማው ደርሶ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ተሰብስቧል። እጁ እስከ ክርኑ ድረስ በወይን ጭማቂ ጠቁሯል። አማቱ ገና እየፈላ ያለውን አዲስ ወይን ጠጅ በብርጭቆ ይዘው መጡ።

«ፖሊስ ሥራ ላይ አይጠጣም» አለች ቦሁሚላ።

«ይሄ መች መጠጥ ሆነና! ሕፃን ነው ገና» አሉ አማትየው። ዳሊቦር እጁን ሰደደ፤ አለቃው ስታየው መልሶ ሰበሰበ።

ራዶቫን የመጡበትን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «ምንም አልሰረቅሁም። ዕቃዬን ነው የጠረግሁት። ሰው ከሥራ ሲወጣ ጠረጴዛውን አጽድቶ፣ ኩባያውን አጥቦ፣ ቁልፉን መልሶ ይወጣል። እኔም በስሜ የነበረውን አጸዳሁ።»

«መሠረቱ ፋይል በስምህ ነበር?»

«እኔ ነበርኩ በግንቦት የሠራሁት፤ በጊዜያዊነት እኔ ዘንድ አስቀመጥኩት። ወይዘሮ ድራሆሚራ ወደ መዝገቡ አዛውረዋለሁ አሉኝ። ያዛወሩት መሰለኝ።»

«መሰለህ?» አለ ዳሊቦር። «የሰው ድምፅ መስሎህ ታጠፋለህ?»

«አልጨረስኩም!» ልጁ እጁን በሱሪው ጠረገ። «ሳልፈትሽ አላጠፋሁም። እኔ ዘንድ ያለውን ወደ ጎን አድርጌ፣ የመጠባበቂያ ቅጂው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ በቅጂው ላይ አዲስ ንጣፍ ሠራሁ። ንጣፍ ሲሠራ ማሽኑ መጀመሪያ ከሥሩ ያለውን ይፈትሻል፤ መሠረቱ ከሌለ አልሠራም ይላል። ምንም አላለም። ‹ተሠርቷል› አለኝ። በየሌሊቱ የሚሠራውም ሁሉ አረንጓዴ፣ ማለትም ደህና፣ ነበር። የራሱ መሠረት ቢኖረው ነው አልኩ። ሌላ ምን ልል ነበር?»

ቦሁሚላ ዓይኑን አየችው። የሚዋሽ ሰው እንዲህ በማሽን ላይ አይናደድም።

«‹ትፈልጉኛላችሁ› ያልከውስ?»

«ማተሚያውን ማንም መጠገን ስለማይችል ነው!»

በማግስቱ ቦሁሚላ ብቻዋን ወደ አቶ አርኖሽት ቤት ሄደች። ሽማግሌው በሩን ራሳቸው ከፈቱ። አንገታቸው ላይ ስስ ሻርፕ ጠምጥመዋል፤ በደረታቸው ላይ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ በገመድ ተንጠልጥሏል። ወይዘሮ ድራሆሚራ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ ያንኳኳሉ።

ሽማግሌው ጻፉ፦ «አውቅሻለሁ። ሁልጊዜ በትራሜ የኋላ በር ትገቢ ነበር።»

ቦሁሚላ ሳቀች። «እኔም አውቅዎታለሁ። ከባቡር ጣቢያው በፊት ‹አማታችሁን የምትቀበሉ እዚህ ውረዱ፤ የምትሸሹ ቀጥሉ› ይሉ ነበር።»

አቶ አርኖሽት ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቁ። ጻፉ፣ አጠፉ፣ ጻፉ። «እሱንም ቀድቼዋለሁ። አንብብ ያሉኝን ሳነብ ሰለቸኝ። የመስመሬን ፌርማታ ሁሉ ከነቀልዱ ጨመርኩላቸው። ሳምንት ሙሉ ስታጉረመርም ነበር» — ወደ ወጥ ቤቱ ጠቆሙ።

«ድምፅዎ ሲሠራልዎ ለማን ሊናገሩ አስበው ነበር?»

እጃቸው ሰሌዳው ላይ ዘገየ። «እኅቴ ዝኖይሞ ከተማ ነው የምትኖረው። ዓይኗ አያይም። የምጽፈውን አታነብም። እሑድ እሑድ እደውልላታለሁ፤ ስልኩን በጥፍሬ ሳንኳኳ እኔ መሆኔን ታውቅና ብቻዋን ታወራለች። አንድ ጊዜ የኮምፒውተሩን የተለመደ ድምፅ ሞከርኩ። ማስታወቂያ መስሏት ዘጋችብኝ።» አጠፉት። «ለእሷ ነበር።»

ወጥ ቤቱ ውስጥ የዕቃው ድምፅ ቆሟል።

ቦሁሚላ ሌላ ነገር ለመጠየቅ ያህል ቀዶ ሕክምናው መቼ እንደነበር ጠየቀች።

«በሰኔ መጀመሪያ፣ በቅዱስ ሜዳርድ ዕለት። ሰማዩ ተቀዶ ነበር። የመጨረሻ ቃሌን ልንገርሽ? ሰው የመጨረሻ ቃሉ ትልቅ ነገር እንዲሆን ይመኛል። የእኔ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የድራሆሚራ ስልክ ጥ፣ ጥ፣ ጥ እያለ አላስቀምጥ አለኝ። ‹ያንን ፌንጣ ዝም አሰኚልኝ› አልኳት። በቃ። ከዚያ አስተኙኝ።» ሰሌዳውን ወደ እሷ አዙረው እንደገና ያለ ድምፅ ሳቁ።

ቦሁሚላም ፈገግ አለች። ከቤቱ ወጥታ ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን ፈገግታው ፊቷ ላይ አልነበረም።

ቤተ ሙከራው ስትደርስ ዳሊቦርን መጠባበቂያው ክፍል ውስጥ ከማሽኑ ጋር ተፋጦ አገኘችው። «አለቃዬ፣ ይዩት» አለ። «አዲስ ንጣፍ ልሥራ። ከሥሩ የሚሆነውን ፋይል ስም ስጡኝ ይላል። የውሻዬን ስም እሰጠዋለሁ። እንዲህ የሚባል ፋይል በዚህ ቤት የለም።» ጻፈና ተጫነ።

ማሽኑ «ተሠርቷል» አለ።

«ውሻዬ ላይ ንጣፍ ነጠፈ» አለ ዳሊቦር። ቀልዱ ግን ከአፉ ሲወጣ ሞተ። «ልጁ አልዋሸም። ፍተሻው ተዘግቷል። ‹ከሥሩ ያለውን አትጠይቅ፣ ያሉህን ተቀበል› ተብሏል። መጠባበቂያው ድሮም የሚወስደው ስሱን ንጣፍ ብቻ ነው፤ መሠረቱ አንድም ቀን እዚህ ገብቶ አያውቅም። ማሽኑ በየሌሊቱ ‹መሠረቱ የለም› እያለ በስልክ መልእክት ይጮህ ነበር፤ እስኪመልሱለትም ይደጋግማል። ከዚያ አንድ ቀን አፉን አስያዙት።»

«ማን?»

«ስሙ አለ። ቀኑም አለ።»

«ቀኑን ልንገርህ» አለች ቦሁሚላ። «የቅዱስ ሜዳርድ ዕለት።»

ዳሊቦር ዞሮ አያት። «እንዴት አወቁ?»

ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለች። «የጠፋውን መልሶ ማውጣት ይቻላል?»

«ፋይሉ የነበረበት ቦታ ለሌላ ሥራ ተሰጥቷል። ቅዳሜና እሑድን ሙሉ ተጽፎበታል። ሁለት ባለሙያ ጠየቅሁ፤ ሁለቱም አይቻልም አሉ።»

ወይዘሮ ድራሆሚራ ከቤት ተከትለው መጥተው፣ በፋብሪካው ግቢ፣ በድሮው የክር ማጠቢያ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ነበሩ። ቦሁሚላ አጠገባቸው ተቀመጠች። 

«ከቤቴ ሲወጡ ፊትዎን በመስኮት አየሁት» አሉ ወይዘሮ ድራሆሚራ። «ያኔ እንደደረሱበት ገባኝ።»

«ስልኩን ብቻ ዝም ማሰኘት ይቻል ነበር።»

«ሐኪሙ የሚደውልልኝ በዚያው ስልክ ነው። እንዴት ልዝጋው?» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አነጠፉ። «ደግሞ መሠረቱ እንዳለ አውቅ ነበር። ዋናው ክፍል ውስጥ በዓይኔ እያየሁት፣ የመጠባበቂያው ክፍል ‹የለም፣ የለም› ይለኛል። ሞኝ ማሽን አልኩ። እሱ ግን እዚህ እኔ ዘንድ የለም እያለኝ ነበር። አርኖሽት አልጋው ላይ ተኝቶ እያየኝ፣ ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበ፣ ከስልኬ ገብቼ ‹አትፈትሽ› አልኩት። ዝም አለ። አርኖሽትም አውራ ጣቱን አሳየኝ።»

«ፍተሻውን ግን ኋላ መልሰው አልከፈቱትም።»

«ስመለስ እከፍተዋለሁ ብዬ ነበር። ስመለስ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። በዚያ ሰሞን አንድ ነገር እንኳ ሳያስቸግረኝ ሲውል ደስ ይለኝ ነበር። ፋይሉንም ሳላዛውር ቀረሁ። ለቀዶው ስንሯሯጥ ተረሳ።»

«ሰኞ ጠዋት ግን አወቁ።»

«መጠባበቂያው አልከፈት ሲለኝ አወቅሁ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቦሁሚላ ዞሩ። «ራዶቫን ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሌባ ቢሆን። ሌባ ቢሆን እጠላው ነበር፤ ማታ ቤት ስገባም አርኖሽትን ቀና ብዬ አየው ነበር።»

«ልጁ በሰው አፍ ሌባ ሆኗል። ዛሬውኑ ለዶክተሩ እርስዎ ራስዎ ይንገሩ። ከዚያ ለልጁ ይደውሉ።»

«እደውላለሁ።»

«ክስ የሚሆን ነገር የለም። ሪፖርቴ ውስጥ ፍተሻው ተዘግቶ እንደነበር፣ ልጁም በቅን ልቡ እንዳጠፋው እጽፋለሁ። ማን እንደዘጋውም እጽፋለሁ።»

«ለምን እንደዘጋሁትስ?»

ቦሁሚላ የመኪናውን ቁልፍ ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «እሱን ማንም አልጠየቀኝም።»

«ለአርኖሽት ልንገረው?» አሉ ወይዘሮ ድራሆሚራ። «ድምፁ እንደጠፋ ያውቃል። በሰው እጅ እንደጠፋ ነው የነገርኩት። ሁሉም ከዚያ ከመጨረሻ ቃሉ እንደመጣ ግን… ያንን ቀልድ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ይጽፈዋል። እሱን የሚያስቀው ያ ብቻ ነው።»

ቦሁሚላ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። 

«ዝም ያሉት ለእሱ ብለው ከሆነ ችለው ይኖሩታል» አለች በመጨረሻ። «ለራስዎ ብለው ከሆነ ግን ይከብድዎታል። የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም።»

ወይዘሮ ድራሆሚራ እሺ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ፤ በቀጥታ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ሄዱ። ቦሁሚላ በሩ እስኪዘጋ ድረስ አየቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ አፈላች። ቦርሳዋን ሁለተኛው ወንበር ላይ አስቀምጣ በላች። ትራሙ ውስጥ የተቀዳችው ሴት የባቡር ጣቢያውን ስም ስትጠራ፣ ቦሁሚላ ዓይኗን ጨፍና የአቶ አርኖሽትን ቀልድ በራሳቸው ድምፅ ልትሰማው ሞከረች። ቃላቱ አንድ ሳይቀሩ መጡላት። ድምፁ ግን አልመጣም፤ ጎርናና ይሁን ቀጭን እንኳ እርግጠኛ አልሆነችም። ቃል እንደሚቀርና ድምፅ እንደሚሄድ ከገዛ ቤቷ፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ ከነበረው ሰው ታውቃለች። እንዲህ ቶሎ የሚሄድ ግን አልመሰላትም ነበር።

ቢሮ ገብታ ሪፖርቱን ጨረሰች። ከታች፣ ‹ምን ተረፈ› በሚለው ቦታ ላይ ዳሊቦር ከስሱ ንጣፍ ያወጣውን ጻፈች። ወይዘሮ ድራሆሚራ በሐምሌ ያስተካከሉት የባላቸው ሙሉ ስምና የተወለዱበት ዓመት አለ። ድምፃቸው የለም።